ለቢራቢሮ የተከልኩት ጤና አዳም

በሕንፃችን የምታወቀው «ትል አርቢዋ» በሚል ነው። ስሜን የሚያውቁት እንኳ እንዲሁ ይጠሩኛል፤ እኔም አልቀየምም፣ እውነት ነዋ። የምንኖረው ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ምድር ላይ ባለው ቤት ነው። ከመስኮታችን ሥር የማንም ያልሆነች ቁራጭ መሬት አለች። ጎረቤቶቼ የተሰበረ ወንበርና ጎማ የሌለው ብስክሌት ይጥሉባት ነበር። ያንን ሁሉ ጠርጌ ጤና አዳምና እንስላል ተከልኩባት። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቆጣኝ ሞክሮ ነበር፤ እኔ ስቆጣ ምን እንደምመስል ካዩ በኋላ ተዉኝ።

መጀመሪያ የተከልኩት ለእናቴ ብዬ ነው። እናቴ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። ከጎንደር ገጠር ተነሥታ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን እዚህ አገር ስትገባ እኔ በጀርባዋ ታዝዬ ነበር። ጤና አዳም የሌለበት ደጅ ደጅ አይመስላትም። ፍሬውን አድርቃ በርበሬ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ራሷን ሲያማት ቅጠሉን ከሻሿ ሥር ትሰካዋለች፤ ሆዷን ሲቆርጣትም እሱኑ ታኝካለች። እኛ ቤት ጤና አዳምን መፍራት ውሃን እንደ መፍራት ነው።

አንድ የጸደይ ጠዋት ግን ቅጠሉን ልቆርጥ ስወጣ፣ ቢጫ ክንፏ ላይ ጥቁር መስመር ያላት፣ ከክንፎቿ ጫፍ ቀጫጭን ጭራ የወጣላት ቢራቢሮ ስታንዣብብ አየሁ። አበባ አልፈለገችም። ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዘለለች ጅራቷን ታስነካ ነበር። በሄደች ጊዜ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ ያለች ቢጫ እንቁላል ተጣብቃለች። የልጄ የመዋለ ሕፃናት መምህርት ነች በኋላ ያስረዳችኝ። ቢራቢሮዋ አበባ የምትቀስመው ለራሷ ነው፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ልጆቿ በሚበሉት ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ጤና አዳምና እንስላል ካላገኘች ጥላን ትሄዳለች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ጤና አዳሙን ለእናቴ በርበሬ ሳይሆን ለቢራቢሮዋ ማብዛት ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ የሰው አንሶላ የምትቀይር ሴት የራሷ የሆነ አንድ ነገር ትፈልጋለች፤ እኔ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ከእኔ የባሰችው ልጄ ነበረች። ስድስት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። ትሉ ሲፈለፈል የወፍ ኩስ እንደሚመስል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ቀለበት እንደሚያወጣ፣ ሲነኩት ከአንገቱ ኋላ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ እንደሚከረፋ ለሰው ሁሉ ታስረዳለች። ጥቂቶቹን በማሰሮ አድርጋ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ትቀልባቸው ነበር።

እናቴ ግን አንድም ቀን ወዳቸው አታውቅም። ለሷ ሁሉም አባጨጓሬ ነው፤ አባጨጓሬ የነካው ሰውነት ደግሞ ያብጣል፣ ያሳክካል።

«ይህ ነገር ልጅሽን አንድ ቀን ያቃጥልልሻል፤ እናት አለችኝ በይ ስሚኝ» ትለኛለች።

«ጸጉር የላቸውም እኮ እማ። የሚያቃጥለው ጸጉራሙ ነው።»

«እንግዲህ ተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

ይህንን ስትል ከንፈሯን ትመጥና ፊቷን ታዞራለች። እኔም እስቅባት ነበር።

የሆነው ነገር የሆነው በጋው ጠንከር ማለት ሲጀምር ነው። የምሠራበት ሆቴል ፈቃድ ሰጥቶኝ ልጄን ወደ ባሕር ልወስዳት ተነሣሁ። እኔ ቦርሳ እስካዘጋጅ እሷ የዋና ልብሷን ለብሳ ወጥታ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብታለች። ጤና አዳሙ በዚያ ሰሞን ደረቷ ድረስ አድጎ ነበር። ትሎቹን ፍለጋ በሁለት እጇ እያቀፈች ትገፋዋለች፣ አንገቷን ታስገባለች። እኔ በቧንቧ ውሃ ሳጠጣ እሷንም ረጨኋት፤ ሳቀች። ብቅ ስትል የእናቴን በርበሬ ሸተተችኝ፤ ደስ ብሎኝ አንገቷን ሳምኳት። ከዚያ አውቶቡስ ይዘን ወረድን፤ ፀሐዩ አናት እስኪበሳ ድረስ አሸዋው ላይ ዋልን።

በማግሥቱ ሆዷን አመማትና መዋለ ሕፃናት አልሄደችም። ከእናቴ ጋር ትቻት ወደ ሥራ ስወጣ፣ እናቴ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሆዷን እያሻሸች ነበር።

«በአገራችን ቢሆን ይህችን ሆድ ተኩሶ የሚያድን አዋቂ ነበር» አለችኝ።

መተኮስ ማለት በጋለ ብረት ቆዳን ማቃጠል ነው። የእናቴ አገር ሰዎች ለሆድ ሕመምም፣ ለወፍ በሽታም እንዲያ ያደርጉ ነበር። እኔ ራሴ ሆዴ ላይ ክብ ክብ ጠባሳ አለኝ፤ ሕፃን ሳለሁ የተተኮስኩበት ነው፣ አላስታውሰውም። የእናቴን ነገር ከቁም ነገር ሳልጥፈው አውቶቡሴን ተሳፈርኩ።

ማታ ስመለስ የልጄ ክንድ መቅላት ጀምሯል። «ፀሐዩ ነው» አለች እናቴ። ቅቤ ቀብታታለች። ጠዋት ግን ልጄ እያለቀሰች ነቃች። በሁለቱም ክንዶቿ ላይ፣ አንገቷ ላይና ደረቷ አጠገብ ቀይ መስመሮች ተጋድመዋል፤ በመስመሮቹ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተደርድሯል። ፀሐይ እንዲህ መስመር አያሰምርም። የጋለ ነገር የተጎተተበት ነው የሚመስለው።

ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የጤና ጣቢያው፣ ስንደርስ ሐኪሟ ዕብጠቱን አየች። ከዚያ እኔን ትታ ልጄን ጠየቀቻት።

«ማን ነው የነካሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

«ሳብታ» አለች ልጄ። በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው። «ሳብታ ቅቤ ቀባችኝ።»

«ከቅቤው በፊትስ?»

ልጄ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። ሐኪሟም እኔን አየችኝ። ከአያትየው ጋር ብቻዋን የዋለችበት ቀን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ። ባህላዊ ሕክምና ታደርጋለች ወይ አለችኝ፤ አላውቅም አልኩ። «አላውቅም» ማለቴ «አዎ» ከማለት እንደሚብስ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ሐኪሟ በትሕትና፣ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ልጅ ላይ ስታይ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባት፣ እሁድ ዕለት ኦቬዴት ሶጺያሊት፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ቤታችን እንደምትመጣ ነገረችኝ። ቅባት ጽፋ ሰጠችኝ። ትሕትናዋ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

በእኛ ሠፈር ረቫሃ የሚባለውን የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማይፈራ ሰው የለም። ልጆች ተወስደውባት ቤቷ ባዶ የቀረ ሴት ታሪክ ያልሰማ የለም። የትኛው እውነት፣ የትኛው የተጨመረበት እንደሆነ አላውቅም፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። በአውቶቡስ ስንመለስ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አጠገቤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር በሻርፕ ክንዷን እሸፍን ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን «ኢማ፣ ይሞቀኛል» ብላ፣ እማዬ ማለቷ ነው፣ ትጨቃጨቀኝ ነበር። ያን ለት ሻርፑን ራሷ ስባ ተሸፈነች። ፍርሃቴ ወደሷ መተላለፉን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ።

ቤት እንደገባን ልጄን ክፍሏ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተኩሰሻታል?»

ቀና አለች። የጠየቅኳት ነገር ቶሎ አልገባትም።

«ማንን?»

«ልጄን ነዋ! በምንድን ነው? በማንኪያ? በቢላ ጀርባ? ተናገሪ፣ ሳልቆጣ!»

ተቆጥቼ ነበር። ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የምጮኸው። እናቴ የምስሩን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ አንቺ ስትተኮሺ ያስያዙት እኔን ነው። እግሯን ያዢ አሉኝ፤ ያዝኩ። ያን ለት የጮኽሽው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያንን ደግሜ በልጅሽ አደርገዋለሁን?»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«ያ አባጨጓሬሽ ነው! ነግሬሻለሁ!»

አላመንኳትም። ሥራዋን በትሎቼ ልታሳብብ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያን ሰዓት እናቴን እንደማላውቃት ሴት ነበር የማያት፤ እጆቿን እያየሁ፣ ከእነዚህ እጆች ጋር ልጄን ብቻዋን አልተዋትም እያልኩ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ልጄን ገላዋን የማጥባት፣ የማለብሳት፣ ጸጉሯን የምሠራት እኔ ሆንኩ። ሥራ መሄድ ተውኩ፤ አሞኛል አልኳቸው። እናቴ ልጅቱ ወዳለችበት ስትገባ እኔም ሰበብ ፈጥሬ እገባ ነበር። እናቴ ሁሉንም አየች። ባሌ ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት ላይ ስለነበር በስልክ ደህና ነን ብዬ ዋሸሁት።

ዓርብ ቀን ፍርሃቱ ቤት አላስቀምጥ አለኝ። ኦቬዴት ሶጺያሊቷ እሁድ ስትመጣ ምን ታያለች እያልኩ ቤቱን በሷ ዓይን መመልከት ጀመርኩ። ልጄ ክፍል ውስጥ ትል በማሰሮ! መስኮቱ ሥር ጫካ! እነዚህ ሰዎች ልጅ የሚያሳድጉት በአራዊት መሐል ነው ትላለች ብዬ ደነገጥኩ። ማሰሮውን አወጣሁ። ከዚያ በእኩለ ቀን፣ ሰንበት ሊገባ ሰው ሁሉ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ እጅጌ የሌለው ልብስ እንደለበስኩ ጓሮውን መመንጠር ያዝኩ። እንስላሉን ከሥሩ ነቀልኩት። ጤና አዳሙን በመቀስ እየቆረጥኩ፣ እቅፍ እቅፉን እየታቀፍኩ ወደ ቆሻሻ መጣያው አመላለስኩት። ላቤ ከጭማቂው ጋር ተቀላቅሎ በክንዴ ይወርዳል። ልጄ መስኮቱ ላይ ቆማ «ኢማ፣ ምን ይበላሉ? ምን ይበላሉ?» እያለች ታለቅሳለች። የማሰሮውን ትሎች ጉቶው ላይ በቀረችው ጥቂት ቅጠል ላይ አራገፍኳቸው። ጉንዳን አንዳንዶቹን ሲወስድ እያየሁ ወደ መቁረጤ ተመለስኩ። ለዓመታት የሠራሁትን በአንድ ቀትር ያጠፋሁት ጓሮው ንጹሕ እንዲባልልኝ ነው።

እሁድ ጠዋት ስነቃ ክንዶቼ ይለበልቡኝ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ሳይ ቀይ መስመር ነው፤ ውሃ ቋጥሯል። ትንሽ ማሰብ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ነገሩ ወዲያው ይገባኝ ነበር። ፍርሃት ግን ጭንቅላት አያሠራም። የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት የተቃጠለ ሰው ካየች አለቀልን። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ አውጥቼ ለበስኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።

የመጣችው ከእኔ የምታንስ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ቡና፣ ውሃ ምን ላቅርብ ብላት ምንም አልፈልግም አለች። የልጄን ክንድ አየች፤ ክፍሏን አየች፤ ከማን ጋር እንደምትውል ጠየቀች። እናቴ ጥግ ባለው ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ዕብራይስጥ አትችልም፤ ወሬው ስለሷ እንደሆነ ግን ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለጋትም።

«እናትሽን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። ልታስተረጉሚልኝ ትችያለሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ክንዴ በሹራቡ ሙቀት እንደ እሳት ይለበልበኛል። ሳላስበው እጅጌዬን ጎተት አድርጌ አከክሁ። እናቴ አየችኝ። ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና አንጓዬን ያዘች። ልነጥቃት ብሞክርም ጉልበቷን አልቻልኩትም። እጅጌውን እስከ ክርኔ ጠቀለለችው። ከዚያ የልጄን ክንድ በሌላ እጇ ሳብ አድርጋ ከእኔ ክንድ ጎን አጋደመችው። አንድ ዓይነት መስመር፣ አንድ ዓይነት እብጠት።

«እዪ!» አለቻት ሴትዮዋን በአማርኛ። «ይህንንስ እኔ ተኮስኩትን? ንገሪያት! ልጄ እንዲህ ብላ ጠረጠረችኝ ብለሽ ንገሪያት!»

ሴትዮዋ እኔን እያየች ጠበቀች። ነገሩን ቀንሼ ልተረጉምላት እችል ነበር። አፌን ስከፍት ግን ሁሉም ወጣ፤ እናቴን እንደ ጠረጠርኳት፣ መተኮስ ምን እንደሆነ፣ ሆዴ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ከልጄ እንዳራቅኋት። እየተናገርኩ አለቀስኩ። የተናገርኩት ልጄን ያሳጣኛል ብዬ ነበር የማስበው።

«ሰሞኑን በክንድሽ ምን ነክተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ ሴትዮዋ።

«ምንም። ዓርብ ዕለት ጓሮውን ነው ያጸዳሁት። ጤና አዳሙን… ሩዳውን ቆርጬ አቅፌ…»

ልጄ ቀበል አድርጋ «እኔም አቅፌዋለሁ፣ ትሎቹን ስፈልግ። ከዚያ ባሕር ሄድን» አለች።

ሴትዮዋ ተነሥታ ወጣች። ጉቶው አጠገብ አጎንብሳ እጇን ስትዘረጋ «እንዳትነኪው!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩባት። ቃሉን ባታውቀውም እጇን ሰበሰበች። ጉቶውን በስልኳ ፎቶ አነሣችው፤ የእኔንና የልጄንም ክንድ አነሣች። ሳትፈርድ፣ ሳታጽናናን፣ ነገ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሁለታችሁም ሂዱ ብላ ሄደች።

የቆዳ ሐኪሙ ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያየን አልተገረመም። የሩዳ፣ የጤና አዳም ማለት ነው፣ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ እርጥብ ቆዳ ሲሆን ይብሳል፤ ዕብጠቱ የሚወጣው ቀን ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከምን እንደመጣ አያውቅም አለ። በየበጋው ያየዋል። ደብዳቤ ጻፈልን። በዚያው ሳምንት ሴትዮዋ ደውላ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አለችኝ። ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ተነሽ፣ ተነሽ» ብላ አነሣችኝ። «የእናት ፍርሃት ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ይቅር መባሌን አመንኩ፤ ለባሌም በመጨረሻ ደውዬ ሁሉንም አወራሁት።

ጤና አዳሙ ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። አሁን የምቆርጠው ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ በጓንት፣ በረጅም እጅጌ ነው። ቢራቢሮዋም ተመልሳለች። ልጄ ዳር ቆማ በእንጨት ቅጠሉን ገለጥ እያደረገች ነው ትሎቹን የምትፈልገው። ክንዷ ላይ የቀረው ቡናማ መስመር ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው፤ የኔም እንደዚያው።

ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ልጄ ራሷ ታጥባ፣ ፎጣ ለብሳ፣ ማበጠሪያ ይዛ እናቴ ፊት ቆማ አገኘኋት። ጸጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሳብታ፣ ሥሪኝ» ትላታለች።

የእናቴ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው። ልጄ ማበጠሪያውን ታቀብላታለች፤ እሷ አትቀበላትም። «ለምን አትሠሪያትም፣ እማ?» ብዬ ልጠይቅ ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«መጣሽ? አንቺን ስንጠብቅ ነው» አለችኝ። «ልንካትን?»